የወንፊት ሒሳብ

ከቦኩ ኮረብታ ሥር፣ ከእህል መጋዘኑ ደጃፍ፣
ቆሜያለሁ በቀትር፣ ላቤን ስጠርግ በእጅጌዬ ጫፍ።
አዴ ዲንቂቱ ጤፍ ይነፋሉ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፤
«በል፣ ስንት ፓኔል ነው? ቁርጡን ንገረኝ» ይላሉ።

ማዶ፣ ከአዳማ በላይ፣ ነጫጮቹ ክንፎች ይዞራሉ፣
ነፋሱን እየዘገኑ ሩቅ አገር ያበራሉ፤
ሽቦው በአናታችን ያልፋል፤ እዚህ ግን ሲጨልም
ጆንያ የሚሰፋው በኩራዝ ነው፤ ሚዛኑም አይታይም።

የጠየቁኝ ብዙ አይደለም፤ ፍሪጅ፣ ስድስት አምፖል፣ ሚዛን፤
ደመርኩት፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዋት-ሰዓት በቀን።
ቀጥሎ በካርቶን ክዳን ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣
የሚጎድለውን ጻፍኩ።

ሙቀት፣ አሥራ ሁለት። ፀሐይ የሰጠችውን መልሳ ትነጥቃለች።
አቧራ፣ ሰባት። በወንጂ መንገድ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር።
ሽቦ፣ ሦስት። ወፍራም ከገዛን ነው፤ የቀጭኑን አልናገር።
መቆጣጠሪያው፣ አምስት። የደላላ ድርሻ በሉት።
ባትሪ፣ አሥራ አምስት። አደራ ተቀብሎ ሙሉውን መልሶ አያውቅም።
ኢንቨርተር፣ አሥር። አስተርጓሚ ነው፤
ከተነገረው ሁሌም ጥቂት ያስቀራል።

ድምሩ አምሳ ሁለት። ከመቶ ስቀንስ አርባ ስምንት ቀረ።
«ከግማሽ በላዩን መንገድ ይበላዋል፣ እናቴ፤
ደህና ፀሐይ በቀን አምስት ሰዓት ብንይዝ፣
ባለ ሁለት መቶ ዋት፣ አምስት ፓኔል» አልኩ፣ በሙሉ ኩራቴ።

ወንፊቱ ቆመ።

«አምሳ ሁለት? እንዲህ የሚበላ አይጥ በመጋዘኔ ቢኖር
እስከ ዛሬ እጄን ዘርግቼ ከመንገድ ዳር ነበር።
እስቲ ስማኝ። መቶ ኪሎ አገባሁ ከአንደኛው ወንፊት፤
አሥራ ሁለቱ ገለባ ሆኖ ወጣ፣ ነፋስ በላው፣ ሄደለት።
ሁለተኛው ወንፊት ሰባቱን የሚያነሳው ከምኑ ላይ ነው?
ከመቶው ነው፣ ወይስ እፊቱ ካለው?
የበረረ ገለባ ተመልሶ ይነፋል?
ኋላ የመጣ ሌባ ፊተኛው የተወውን እንጂ ምን ያገኛል?»

አፌን ይዤ ቀረሁ።
ከዚያ ካልኩሌተሩን አወጣሁ፤ መቀነሱን ትቼ አባዛሁ።
ሰማንያ ስምንት። ሰማንያ ሁለት ግድም።
ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ አምስት፣ ስልሳ አራት፤
አምሳ ስምንት ላይ ደርሶ ቆመ።
አምስት ያልኩት አራት ሆነ።

ሦስት ዓመት እንዲሁ ስቀንስ ኖሬያለሁ።
በወለንጪቲ፣ በዶዶታ፣ ስንት ጣሪያ
በእኔ ስሕተት ትርፍ መስታወት ተሸክሟል?
ስንቱ ጥጃውን ሸጦ ነው?
ይህንንስ በየትኛው ወንፊት ልንፋው?

«አራት ነው» አልኩ፣ ካርቶኑን እያየሁ።
«ልክ ነህ» አሉ። «አምስት ስቀል።»
«ለምን?»
«ነሐሴን አልጻፍከውማ። ደመናው ሳምንት ሲሰነብት ምን ልትል ነው?
የቱፋን ልጅም አልጻፍከው፤ ገና ሳይመሽ ስልኩን ይዞ የሚመጣውን፣
ተከትለውት የሚመጡትን ሁሉ።
ብርሃን ያለበት ቤት ደጁ አይዘጋም፤ እኔም ልዘጋ አልችልም።»

በካርቶኑ ግርጌ ሰባተኛ መስመር ከፈትኩ።
ምን ብዬ ልሰይመው? ከጉድለቱ ጎን አይቆም፣ ከትርፉም አይገባ።
ቁጥር አጣሁለት፤ ባዶውን ተውኩት።

አዴ ዲንቂቱ ወንፊቱን አነሱ። ጤፉ እንደገና ሸሸ አለ።
«ይልቅ» አሉ፣ አሁንም ቀና ሳይሉ፣
«አቧራውን ሰባት ብለሃል።
እኔ በየሳምንቱ ተሰላል ወጥቼ ከወለወልኩት
ሁለት አይበቃውም?
የቀረውን ከዋጋው ላይ ተውልኝ።»